የእማዋይሽ ስፓኒሽ

ቢላ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድምዓለም ነብዩ፣

እንዴት ከርመሃል? ጉንፋኑ ለቀቀህ? ልጆቹስ? የነቀምቴ ዝናብ አልቆም አለ ብለህ ነበር፤ እዚህ ቢላ አባርቶ ጭቃው ደርቋል። እኔ ደህና ነኝ። የምጽፈው የስፌት መኪናዬ ላይ ተደግፌ ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

«ድምፁ ይሰማል ወይ?» ላልከኝ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። ኦቦ ዋቅወያ ሚኒባሱን እንዳቆመ ትምህርቱ ያለባትን ሚሞሪ ከነደብዳቤህ በእጄ ሰጠኝ። ሶረቲ ዘፈን ቤት ወሰድኳት፤ በባለ ቁልፍ ስልኬ ውስጥ አስገባችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልወረደችም። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ስልኬ ሰዓት ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረውም፣ አሁን አስተማሪ ሆነ። ስምንቱንም ትምህርት ጨርሻለሁ። መምህርት ሩት የምትባለው ሴት መጀመሪያ ነገሩን በአማርኛ ትነግረኛለች፤ ቀጥሎ ሰውዬው በስፓኒሽ ይለዋል፤ ከዚያ «አሁን እርስዎ ይመልሱ» ትልና ዝም ትላለች። ቆጥሬዋለሁ፣ እስከ አራት ነው ዝም የምትለው። አራት ሲሞላ «ጎበዝ! በጣም ጥሩ!» ትላለች። የመጀመሪያ ቀን አፌ ተሳስሮ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ጎበዝ አለችኝ። በዕድሜዬ እንዲህ በነፃ ተመስግኜ አላውቅም።

«እኔ በስልኬ እያስተረጎምኩ ከንጋት ጋር እጻጻፍ የለም ወይ፣ አንቺ ለምን ትለፊያለሽ?» ላልከው ግን መልሴ ያው ነው። አንተ የምትጽፍላት እንደ አጎት ነው፤ አጎትም ነህ። እኔ የምነግራት በማሽን አፍ የሚነገር አይደለም። ደም እየተፋሁ ተኝቼ፣ አባቷ ቶላም ቀድሞኝ አርፎ፣ «እናትም አባትም የሌላት ልጅ ቶሎ ትወሰዳለች፣ ውጭ አገር ትማራለች» የጉዲፈቻ ሰዎቹ ያሉህ ጊዜ አንተ በቀበሌው ማኅተም እናቷ ሞታለች ብለህ ጻፍክ። እኔም ጻፍ አልኩህ። ያን ጊዜ ውሸት አልመሰለንም ነበር፣ ትንሽ የቀደምን ነበር የመሰለን። ሊወስዷት የመጡ ቀን ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አክስቷ ነኝ ብዬ ቆምኩ። ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ከዚያ መድኃኒቱ ያዘልኝና ሳልሞት ቀረሁ። ጎረቤቱ ሁሉ የንጋት እናት ነበር የሚለኝ፤ ያሳዝናታል ብለው ነው መሰለኝ ቀስ በቀስ ተዉት።

«ዮ ሶይ ቱ ማድሬ» ማለት እናትሽ ነኝ ማለት ነው። በሁለተኛው ትምህርት ላይ ይገኛል፤ ለዚህስ ስምንት ትምህርት አያስፈልግም ነበር። ግን እንዲህ ካልኳት ለምን ትለኛለች። ለምን ስትለኝ አፌን ከፍቼ እንዳልቀር ነው የምማረው። ሌላውን ሚሞሪ ላክልኝ።

እህትህ እማዋይሽ


ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ፤ ዛሬ ነገ ስል መዘግየቴን ይቅር በይኝ። መዝገብ ቤቱን ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩ ተብለን ፋይል ስንሸከም ነው የከረምነው፤ ወገቤ የእኔ አይደለም። ልጆቹ ደህና ናቸው። ሌንሳም «እህትህ እኛን ረስታ ከፈረንጅ ጋር ገጠመች ወይ?» ትልሻለች፤ ስቃ ነው።

ከዘጠኝ እስከ አሥራ ስድስት ያለውን ትምህርት ግን ልኬልሽ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። ኬላ ላይ ኦቦ ዋቅወያን ሲፈትሹ ሚሞሪዋ ከኪሱ ተገኘች። ስልክ ውስጥ ከትተው ሲያዳምጡ ሰውዬው በማይታወቅ ቋንቋ ይናገራል። መምህርት ሩት ስትተረጉመው ደግሞ ባሰ፦ «ባቡር ጣቢያው የት ነው? ሁለት ትኬት እፈልጋለሁ።» በዚህ አገር ባቡር የለ! «የቱ ባቡር ነው? ሁለተኛው ሰው ማን ነው?» ብለው ግማሽ ቀን አስቀመጡት። ኋላ አንድ ጎልማሳ ኃላፊ መጥቶ ሦስት ትምህርት ሙሉ ካዳመጠ በኋላ «ይሄማ ትምህርት ነው፣ እንዲያውም ጥሩ ነው» ብሎ ለቀቀው። ዋቅወያ ሲነግረኝ «ኦቦ ነብዩ፣ አዴ እማዋይሽን አከብራለሁ፣ ግን እኔ ቤተሰብ አለኝ ኮ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ኮሌታው የተበላ ሸሚዜን እልክልሻለሁ፣ ሚሞሪዋ ኮሌታው ውስጥ ናት። አንቺ ትተረትሪዋለሽ፣ ታወጫታለሽ፣ ኮሌታውን ገልብጠሽ ትሰፊዋለሽ፣ የጨረስሻትን ሚሞሪ መልሰሽ ከተሽ ትልኪልኛለሽ። ልብስ ሰፊ እህት ያለው ሰው ሸሚዝ ቢያመላልስ ማን ምን ይለዋል?

«ንጋት ጽፋለች ወይ?» ብትይኝ፣ ጽፋለች። ደህና ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ገብታለች። «ስለ እኔ ጠየቀች ወይ?» ብትይኝ፣ አክስቴ ደህና ናት ወይ ብላለች። ሌላ ነገር የለም። ሌላ ነገር ሲኖር እነግርሻለሁ።

ወንድምሽ ነብዩ


ቢላ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ነብዩዬ፣

ሸሚዙ ደርሶኛል፤ ኮሌታህን እንዳዲስ አድርጌዋለሁ። ሰው አንገቱን እንዲህ እስኪበላው ድረስ ምን ይፈትገዋል? ጭንቀት ካለብህ ንገረኝ እንጂ በሸሚዝህ አትወጣው።

አሥራ ስድስትን ጨርሻለሁ። አሁን እኔ እህትህ ስፔን አገር ሆቴል ገብቼ መስኮቱ ወደ ባሕር የሆነ ክፍል መጠየቅ እችላለሁ። የተጠበሰ ዓሣ አዝዤ፣ ጨው በዝቶበታል ብዬ መመለስ እችላለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ዓሣም አልወድም። መምህርት ሩት ግን ጎበዝ ብላኛለች።

«ሰው አልሰማሽም ወይ?» ብትለኝ፣ ሰምቶኛል፤ እንዳትስቅ። መኪናዬን እየረገጥኩ ጮክ ብዬ እመልስ ነበርና በግድግዳ በኩል አዴ ድርቤ ለካ ሳምንት ሙሉ ስታዳምጠኝ ኖራለች። የጴንጤ ነገር ታውቃለህ። አንድ ቀን ጠዋት በሬን በርግዳ ገባችና አቅፋኝ ታለቅሳለች። «ገለትኒ ከን ዋቀዮቲ! ምስጋና ለእግዚአብሔር! እማዋይሽ፣ በልሳን መናገር ተሰጠሽ!» ትላለች። አልተሰጠኝም፣ ሚሞሪ ነው ብላት ማን ሰምቶኝ። ለጸሎት ቡድኗ ነግራ አምስት ሴቶች ይዛ መጣች። ይህን ያዩ የእኛ የማርያም ማኅበርተኞች ደግሞ በማግስቱ መጥተው፣ ያደረብኝ ነገር ሳይጠና ጠበል ግቢ አሉኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ግማሹ ቢላ መንፈስ ቅዱስ ወረደባት፣ ግማሹ ሰይጣን ያዛት አለ። ለሁለቱም ወገን ስፓኒሽ ነው ብላቸው፣ «ለምን ትማሪያለሽ?» ብለው ይጠይቁኛል። አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምማረው።

ነብዩ፣ እስካሁን የተማርኩት ሁሉ የመንገደኛ ወሬ ነው። ሳሙና ስንት ነው፣ ሐኪም ቤት የት ነው። የሚጠቅመኝ ቤተሰብ የሚለው ነው፤ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ የሚለው። መምህርት ሩት በአሥራ ስድስተኛው መጨረሻ ላይ «ስለ ቤተሰብ በሃያ አምስተኛው ትምህርት እንነጋገራለን» ብላለች። በእሱ ቶሎ ድረስልኝ።

እህትህ እማዋይሽ


ነቀምቴ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ። የአዴ ድርቤን ነገር ለሌንሳ አንብቤላት በሳቅ ሞተች፤ እኔ ግን እንደሷ አልሳቅኩም። ብቻሽን ስትናገሪ ታየሽኝ።

ኮሌታዬን የበላው ጭንቀት ምንድን ነው ላልሽው፣ የቢሮ ሥራ ነው። ሌላ የለም።

በዚህ ሸሚዝ ውስጥ ከአሥራ ሰባት ጀምሮ ያለውን ታገኛለሽ። ኔትወርክ እዚህም እየመጣ እየሄደ ስለሆነ የወረደልኝን ያህል ነው የጫንኩት፤ ቢጎድል በእኔ አትፍረጂ።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ንጋት ልትመጣ ነው። የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ቀድሞ ነው የሚውለው፤ በዚያ ዕረፍት፣ መጋቢት 17 ነቀምቴ ትገባለች፣ ሦስት ቀን ትቆያለች። ብቻዋን ናት። አሳዳጊዎቿ ፈቅደውላታል። እኔ ቤት አላሳርፋትም፤ ቤቴ ይጠባታል ብዬ ሆቴል ይዤላታለሁ።

ቢላ ላምጣት ወይስ አንቺ ትመጫለሽ የሚለውን መንገዱን እያየን እንነጋገር። አትቸኩይ። አሁኑኑ ተነስተሽ እንዳትመጪ።

ወንድምሽ ነብዩ


ቢላ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ነብዩ፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ ሁለት ቀሚስ አበላሽቻለሁ፤ አንዱን እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁት። ባለቤቷ ስትቆጣኝ ሳቅኩባት። ልጄ ትመጣለች! «ደስ አለሽ ወይ?» ብለህ ሳትጠይቀኝ ደብዳቤውን መዝጋትህ ግን ገርሞኛል።

ምን እንደምለብስ አስቤያለሁ፣ ምን እንደምላት አስቤያለሁ። እናትሽ ነኝ፤ ታምሜ ነበር፤ ነገ የምሞት መስሎኝ ነበር፤ ብሞት ሜዳ ላይ እንዳትቀሪብኝ ነው፤ ሳልሞት ቀረሁ። ይኸው ነው፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ይህ ብቻ ነው የኔ ነገር። በአማርኛ ለማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። በስፓኒሽ ግን ግማሹ የለኝም።

ለምን እንደሌለኝ ታውቃለህ። ዋቅወያ ያመጣልኝን ሚሞሪ ከፍቼ ስሰማ ሃያ አራት አለቀና ሰውዬው ስለ አየር ጠባይ ማውራት ጀመረ። ቁጥሩን ሶረቲ አሳየችኝ። ከሃያ አራት ዘሎ ሃያ ዘጠኝ ነው። «አዴ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ እንዲህ በመሐል መርጦ አይዘልም። እነዚህ ተጭነው የተሰረዙ ናቸው» አለችኝ። ሚሞሪ ለእሷ ጨርቅ ለእኔ ማለት ነውና አመንኳት።

ወንድምዓለም፣ ቤተሰብ የሚለውን ትምህርት ለምን አወጣኸው? ከልጅነትህ ጀምሮ መዋሸት አታውቅበትም። አሁንም አላወቅክበትም።

እህትህ እማዋይሽ


ነቀምቴ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሃያ አምስትን አዳምጬዋለሁ። «እናቴ በሕይወት አለች፤ እናቴ ሞታለች» የሚል አለበት። ያን ጊዜ ስልኩን ዘጋሁት። አንቺ ይህን ከተማርሽ ትነግሪያታለሽ፤ ከነገርሻት ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው? ከስሙ ሥር ማኅተም ያለበት የእኔ ነው። አንቺ ታመሽ ነበር ትያለሽ። እኔ ጤነኛ ነበርኩ።

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ባለፈው ሌላ ነገር የለም ያልኩሽ ሐሰት ነው። ልክ ዓምና መጻጻፍ እንደጀመርን «አንዲት የምታስል ሴት አስታውሳለሁ፣ ሳል ስሰማ አሁንም ይናፍቀኛል፣ እናቴ ናት ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ እናትሽ ነበረች አልኳት። ነበረች አልኩ። ከዚያ እንዴት እንደሞተች ጠየቀች፤ በእንቅልፏ አልኳት፣ እንዳትሰቀቅ ብዬ። የት እንደተቀበረች ጠየቀች። ደጋግማ ስትለምነኝ ቢላ ያለውን የእናታችንን መቃብር ፎቶ ላክሁላት፤ ያን ድንጋዩን ያሳደስን ጊዜ ያነሳሁትን። ስልኬ ላይ ነበረ፤ ላክሁት፣ አለቀ። አንዱን ስል ሌላው እየተከተለ እዚህ ደረስኩ። የምትመጣውም ለእሱ ነው። መቃብሩ ላይ ልትቆም ነው የምትመጣው።

«ሌንሳ ታውቃለች ወይ?» እንዳትይኝ። ማንም አያውቅም።

የወጡትን አራቱን ትምህርቶች በዚህ ሸሚዝ መልሼልሻለሁ። ተማሪያቸው። ነይ፤ መጋቢት 16 ነቀምቴ ግቢ፣ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። አንቺ ፊቷ ስትቆሚ እኔ ከኋላሽ እቆማለሁ። የሚመጣውን እቀበላለሁ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፣ ጊዜው አይደለም።

ነብዩ


ቢላ፣ መጋቢት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ነብዩ፣

መናኸሪያ እንዳትቆም። መምጣት አልቻልኩም።

ቂም ይዤብህ አይደለም፤ ቂም የምይዝበት ጊዜ አላገኘሁም። ሃያ አምስትን፣ ሃያ ስድስትን፣ ሃያ ሰባትን፣ ሃያ ስምንትን በአሥር ቀን ጨረስኳቸው። እንደዚያ የተማርኩት ነገር የለም። ዕቃዬን አስሬ ከትናንት በስቲያ ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ወጣሁ። ዋቅወያ ሚኒባሱን አቁሞ ጎማው ላይ ተቀምጧል። «ከራን ጩፋዳ፣ አዴ» አለኝ። መንገዱ ተዘግቷል፣ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቀኑን ሙሉ ዕቃዬ ላይ ተቀመጥኩ። በማግስቱም ተቀመጥኩ። ዋቅወያ ሲያየኝ እንዳፈረ ዞር አለ፤ የእሱ ጥፋት ይመስል።

ዛሬ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ምጥ የጠናባት ሴት ይዞ ወደ ነቀምቴ ሊሄድ ነው። እሱ ብቻ ያልፋል። ሄጄ ለመንኩ። ፀጋ የምትባለው ነርስ ደግ ናት፤ እጄን ይዛ «እማማ፣ ለበሽተኛ ብቻ ነው፣ ኬላ ላይ ሁላችንንም ይመልሱናል» አለችኝ። ያን ጊዜ በሽተኛ ሆኜ ልጄን አጣሁ፣ ዛሬ ደግሞ ጤነኛ ሆኜ። ሳል ለማሳል ሞከርኩ፣ ነብዩ። እንደ ልጅ አፌን ይዤ አሳልኩ። ፀጋ አየችኝና አለቀሰች፤ ግን አላሳፈረችኝም።

ደብዳቤውንና ሚሞሪዋን የምታመጣልህ እሷ ናት። ሚሞሪዋ ውስጥ ያለው የእኔ ድምፅ ነው። ሶረቲ ዘፈን ቤቷን ዘግታ፣ ጄኔሬተሩን አጥፍታ አስቀረጸችኝ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። እንዴት እንደምጀምር ጠፍቶኝ እንደ መምህርት ሩት ጀመርኩት፤ ሌላ ስፓኒሽ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ትምህርት አንድ አልኩና እንደምን ዋልሽ አልኳት፤ ከዚያ ዝም አልኩ፣ እንድትመልስልኝ። ስምሽ ማነው አልኳት፤ ዝም አልኩ። እናትሽ ነኝ አልኳት፤ እዚህ ላይ ረጅም ዝም አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ የአንተንም ነገርኳት፣ ወንድሜ የጻፈው እኔ ጻፍ ስላልኩት ነው ብዬ። ስሕተት ይኖርበታል፣ ግን ይገባታል። በመጨረሻ «ሜ ፔርዶናስ?» አልኳት፤ ይቅር ትይኛለሽ ወይ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ከመምህርት ሩት ለየሁ፤ የትም ቦታ ጎበዝ አላልኩም። ሳልሰማት ጎበዝ አልላትም።

በእጇ ስጣት። አንተ ምንም አትንገራት፣ ምንም አታስተርጉም። ብቻዋን ትስማው። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው።

እህትህ


ነቀምቴ፣ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

መጥታ ሄደች።

«ማንን ትመስላለች?» ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ግንባሯ የቶላ ነው። አረማመዷ ግን የአንቺ ነው። «አጎቴ» አለችኝ በአማርኛ። ይህችን ቃል ለእኔ ስትል ተምራ ነው የመጣችው። ሦስቱንም ቀን በስልክ እያስተረጎምን አወራን። መንገዱ ተዘግቷል፣ ቢላ መሄድ አይቻልም ስላት አልተቆጣችም፤ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ወደዚያ ስታይ ነው የዋለችው። ቢላ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቃኝ አሳይቻት ነበር።

ሚሞሪዋን በመጨረሻው ቀን ሰጠኋት። ለምን መጀመሪያ ቀን አልሰጠሃትም አትበይኝ። ከአክስትሽ የተላከ ነው አልኳት። ተቀብላ አገላብጣ አየቻት፤ የጣት ጥፍር ታክላለች፣ ምን እንደሆነች አላወቀቻትም። ስልኳን አወጣች፤ የእሷ ስልክ አዲስ ነው፣ ሚሞሪ የሚገባበት ቀዳዳ ጨርሶ የለውም። እኛ አላሰብነውም፣ እትዬ፤ አንቺም፣ እኔም፣ ሶረቲም። የፈረንጅ አገር ስልክ የእኛ ሚሞሪ አይገባበትም ብሎ ማን አሰበ?

«ምንድን ነው?» አለችኝ። የእኔ ስልክ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። የእኔ ስልክ ቀዳዳ አለው። እዚያው ከትቼ፣ ተጭኜ፣ ስልኩን በእጇ ሰጥቼ ዞር ማለት ነበር። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ስልኩን ያዝኩት። ከዚያ ፊቷን አየሁ። ማስታወሻ ነው አልኳት። አንገቷ ላይ ያለች ትንሽ የብር ማኅደር ከፍታ ከአንድ የማርያም ምስል ጋር አስቀመጠቻት፣ ሳመቻትና ዘጋችው። መኪናው መጣ፣ ሄደች።

ለአንቺ ሁለት ነገር ልካለች። አንዱ ዛጎል ነው፤ ከምትኖርበት ከተማ ባሕር ዳር ያነሳችው። «እናቴ መቃብር ላይ አድርግልኝ» ብላኛለች። ሁለተኛው ወረቀት ነው። በአማርኛ ራሷ ጽፋዋለች፤ ከስልኩ እያየች አንድ አንድ ፊደል እየሳለች፣ ሌሊት ሙሉ እንደለፋች ያስታውቃል። እኔ አንብቤዋለሁ። አንቺ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከዚህ በኋላ ባትጽፊልኝ አይደንቀኝም።

ነብዩ


ቢላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ነብዩ፣

መንገዱ ተከፍቷል። ዋቅወያ ሸሚዝህን፣ ዛጎሉንና ወረቀቱን ትናንት አመጣልኝ። ሰላምታ ሳልጽፍ መጀመሬን እወቅልኝ፤ ጤናህን ስለማልፈልግ አይደለም።

ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። «ለአክስቴ። እናቴን ስላስታመምሽልኝ አመሰግናለሁ። ንጋት» ይላል። የንጋት «ጋ» ተገልብጣለች፤ ሦስት ዓመቷ ላይ ፊደል ያሳየኋት ጊዜም እንዲሁ ነበር የምትገለብጣት። ወረቀቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አዴ ድርቤ ስታለቅሺ ሰማሁሽ ብላ መጣችና ምንም ሳትጠይቀኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ አልጸለየችልኝም፤ እጄን ብቻ ያዘችኝ። ለእሷ ነገርኳት። ስፓኒሹ ለምን እንደሆነ ቢላ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ አሁን።

ዛጎሉን መቃብሩ ላይ አላደረግኩም። ለሞተች እናት የተላከ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ የዩኒፎርም ሱሪ እየሰፋሁ ነኝ። መኪናዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ፔዳሉን ስረግጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

በአንተ ላይ ምን እንደምል አላውቅም። ልረግምህ ፈልጌ ነበር። ከዚያ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ ስልኩን ይዘህ መቆምህን አሰብኩት። እኔም ያን ጊዜ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። ነጠላዬን አውርጄ እናትሽ ነኝ ማለት እችል ነበር፤ ማንም አልያዘኝም ነበር። ሁለታችንም እጃችን ባዶ አልነበረም፣ ነብዩ፤ ብቻ ዝም አልን።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ በኋላ ሌላ አልጠይቅህም። ቢላ ኔትወርክ የለም፣ ለእሷ መጻፍ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ። በዚያ ማሽንህ አስተርጉመህ ይህን ብቻ ጻፍላት፦ «አንገትሽ ላይ ያለችው ነገር ማስታወሻ አይደለችም። ድምፅ አላት። ቀዳዳ ያለው ስልክ ፈልጊና ስሚያት።» ሌላ እንዳትጨምር። ድምፁ የማን እንደሆነ አትንገራት። ትጽፋለህ ወይስ አትጽፍም ብዬ አልጠይቅህም፤ መልስህን በደብዳቤ አልፈልገውም።

የተማርኩትን መርሳት ስለምፈራ ከሠላሳ አራት ጀምሮ ያለውን ትምህርት ላክልኝ። ኮሌታህ ደህና ከሆነ በእጅጌው ክተተው።

ቅጂውን ሶረቲ ጋ አስቀርቼ ነበርና ዛሬ ራሴን አዳመጥኩት። መምህርት ሩት ጥያቄ ጠይቃ እስከ አራት ብቻ ነው የምትቆየው። እኔ «ይቅር ትይኛለሽ ወይ?» ካልኩ በኋላ መቅጃው አልተዘጋም፤ ሶረቲ አለቀ ወይ ብላ በዓይኗ ስትጠይቀኝ ገና ነው ብያት ነበር። ድምፄ ካለቀ በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ምንም የለበትም፤ የቢላ ዶሮ አንድ ጊዜ ይጮኻል፣ በቃ። ዛሬም ያን ቦታ ስደርስ መቁጠር ጀመርኩ። አራት አለፈ፣ መቶ አለፈ። አላቆምኩም፤ ልብስ እየሰፋሁም እቆጥራለሁ።

የንጋት እናት
እማዋይሽ